ካቴናው ከጮኸ ዘግይተናል

ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ላጫውታችሁ ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት፤ በየሰፈራችን ስንትና ስንት ቤት በእሱ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ነገሩ የብስክሌት ካቴና ነው።

በእኛ ረድፍ አንድ ወጣት አለ። ጎህ ሲቀድ ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ በካርቶን ይጭንና ከካኩማ አንድ ተነስቶ እስከ ካኩማ ሦስት ድረስ ለየሱቁ ያድላል። ብስክሌቱ እዚህ አገር «ብላክ ማምባ» የሚሏት ጥቁሯ፣ ከባዷ፣ ማርሽ የሌላት ናት። እናቱና ሁለት እህቶቹ ከራሽን ውጪ የሚያገኟት ሳንቲም ከዚያች ብስክሌት ፖርታባጋሊዮ ላይ የምትወርድ ናት።

ካቴናው በጣም ይጮህ ነበር። በደጃችን ሲያልፍ «ጪር ጪር» እያለ ልጆቼን ይቀሰቅሳቸዋል። አንድ ጠዋት አስቆምኩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ምነው ትንሽ ዘይት ጠብ ብታደርግበት?» አልኩት።

«ከየት አባቴ ላምጣ ቲቸር?» አለኝ።

እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ቤት ገባሁና ከምግብ ዘይታችን በሲኒ ቀድቼ አመጣሁለት። ካቴናው ላይ አንጠፈጠፍንበት። ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ። እሱ መረቀኝ፣ እኔም ኮራሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ላጋውን ሲሻገር፣ አሸዋው መሐል ከኮርቻው ተነስቶ ፔዳሉን በሙሉ ክብደቱ ሲረግጠው ካቴናው ተበጠሰ። እሱ በአንድ በኩል፣ ዳቦው በሌላ በኩል ወደቁ። ጉልበቱ ተላጠ። አሸዋ የነካው ዳቦ አይሸጥምና ሒሳቡን ከኪሱ ከፈለ። አዲስ ካቴና በዱቤ ወሰደ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር፤ አዲሱ ካቴና በአሮጌው ጥርስ ላይ አልቀመጥ ብሎ እየዘለለ አስቸገረው። ጥርሱንም መቀየር አለብህ ተባለ። ያንን እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ዳቦውን በራሱ ተሸክሞ በእግሩ ዞረ።

እኔን አንዲት ቃል አልወቀሰኝም። የከፋኝም እሱ ነው።

«አፉን ነው የዘጋኸው»

ነገሩ ከንክኖኝ የተበጠሰውን ካቴና ይዤ ወደ አንድ አዛውንት ሄድኩ። ገበያው ዳር በአንዲት የሸራ ጥላ ሥር ብስክሌት ይጠግናሉ። የአገሩ ሰው «ፉንዲ» ይላቸዋል፣ እኛ ደግሞ አባባ እንላቸዋለን። ካቴናውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ጎን አጠፉት። እንደ ገመድ ተልፈሰፈሰ። በጥፍራቸው ጫሩት፤ ጥቁር ቅባትና አሸዋ ተላቆ ወረደ።

«ምን ነበር የቀባችሁት?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና፣ «መምህር፣ ይሄ ካቴና ከሞተ ቆይቷል። ዘይትህ አልገደለውም፤ ግን አላዳነውም። አፉን ነው የዘጋኸው። የሚጮኸው እኮ አሞኛል እያለ ነበር» አሉኝ።

በዚያው ተቀምጬ ግማሽ ቀን ሲሠሩ አየሁ፤ ጠየቅሁ፤ በደብተሬም ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያለው ከእሳቸው የተማርኩት፣ ኋላም በራሴ ብስክሌት ላይ እየሠራሁ ያረጋገጥኩት ነው።

ካቴና በውስጡ ምን አለው?

ካቴና ከውጭ ሲያዩት ብረት በብረት የተቀጣጠለ ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ አንዱን ዘለበት ብትመረምሩ ግን ሌላ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮዎቹን ወግቶ የሚያያይዝ እንደ ሚስማር ያለ ፒን አለ። በፒኑ ዙሪያ ደግሞ የምትሽከረከር ትንሽ ቀለበት አለች። ጥርሱ ላይ የምታርፈው ይህች ቀለበት ናት። እየተሽከረከረች ስለምትቀመጥ ካቴናው ጥርሱን አይፍቀውም።

ይህ ባለ ቀለበት ካቴና እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር የተሠራ ነው፤ ሠሪው ሐንስ ሬኖልድ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነበር። በ1885 ደግሞ ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለችውን ብስክሌት ሠራ። ሁለቱ ጎማዎቿ ተቀራራቢ ሆነው፣ ፔዳሉ መሐል ላይ ሆኖ፣ ጉልበቱ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። የዛሬዋ ብላክ ማምባ የዚያች የልጅ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። እዚህ የምናውቀው «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም ራሱ ከሞተር ሳይክል በፊት የብስክሌት ነበር፤ በኬንያና በኡጋንዳ ወሰን በቡሲያ በኩል ሰውና ዕቃ ከድንበር ድንበር ያመላልሱ ከነበሩት ብስክሌተኞች የመጣ ነው። ዛሬ ሞተሩ በዝቷል። ቤንዚን መግዛት ላልቻለ ግን ብስክሌቷ አለችለት።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ካቴናው አንድ ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ዘለበት አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ ፊተኛው ጥርስ ላይ ሲገባና ሲወጣ፣ ኋለኛው ላይም ሲገባና ሲወጣ። በታጠፈ ቁጥር ፒኑ በመቀመጫው ውስጥ ይሽከረከራል። ዘይት የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ ከውስጥ፣ ፒኑና ቀለበቷ ጋ። ከውጭ በኩል ያለው ቆርቆሮ ዘይት ምንም አይሠራለትም። እንዳይዝግ ከምትረዳው ስስ ወዝ በቀር፣ ከውጭ የቀረ ዘይት ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ አቧራ መሰብሰብ።

የእኛን የካኩማ አቧራ ደግሞ አስረዱኝ አትሉኝም። ነፋሱ ሲነሳ ቡና ስኒ ውስጥ የሚገባ አቧራ ካቴና ውስጥ አይገባም? ከዘይት ጋር ሲለወስ ሞረድ ይሆናል። እየነዳን እንሞርዳለን፤ በገንዘባችን የገዛነውን ብረት በራሳችን ጉልበት እንፈጨዋለን።

የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው የእኔው ነው፤ የምግብ ዘይት። የምግብ ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል። ነገር ግን አየር ሲያገኘው ይወፍርና ይጣበቃል። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ በመጥበሻ ዳርና ጀርባ ላይ ተጋግሮ አልለቅ የሚለው ነገር እሱ ነው። ካቴና ላይም እንደዚያው ሙጫ ይሆንና አሸዋውን ይዞ ይቀመጣል። ደግሞስ ከልጆች ድስት ቀንሶ ለካቴና ማጠጣት ምን የሚሉት ነው? ሁለት ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። በነፃ ይገኛል፤ ስለጠቆረም ጠንካራ ይመስላል። የጠቆረው ግን ጥላሸትና ከሞተሩ የተፋቀ የብረት ብናኝ ስላለበት ነው። ለካቴና አይበጅም፤ ለሰው ቆዳም ጎጂ ነው። ዘወትር እጃቸውን የሚያስነክሩበት ልጆች ካሉ ምከሯቸው።

ሦስተኛው ግራሶ መለደፍ ነው። ግራሶ ለኩሽኔታ ጥሩ ነው፤ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ። ካቴና ላይ ግን ወፍራም ስለሆነ ወደ ፒኑ አይገባም፤ ከውጭ ተለጥፎ አሸዋ ይጠራል።

አራተኛው ሳያጸዱ ዘይት መጨመር ነው። በቆሻሻ ላይ ዘይት ማፍሰስ ያላጠቡትን ቁስል እንደ ማሰር ነው። ከላይ ሲያዩት የታከመ ይመስላል።

ምን እናዘጋጅ?

ብዙ አይደለም። ሁለት ሦስት የአሮጌ ልብስ ቁራጭ፣ አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ቀጭን እንጨት፣ በአንድ የቡና ሲኒ ልክ የሆነ ላምባ (ነጭ ጋዝ)፣ ላምባውን የምንይዝበት የቲማቲም ቆርቆሮ፣ እና ዘይት።

ዘይቱ የትኛው ነው? በካምፕ ገበያ በቀላሉ የሚገኘው የስፌት መኪና ዘይት ነው። ቀጭን ስለሆነ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ቶሎ ቶሎ መጨመር ይፈልጋል። ያልተጠቀሙበት አዲስ የሞተር ዘይት ያለው ሰውም ይሆንለታል፤ ትንሽ ወፍራም ስለሆነ በደንብ መጥረግ ያስፈልገዋል። አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ለብዙ ጊዜ ትበቃለች፤ ጎረቤታሞች አዋጥታችሁ ብትገዙ ደግሞ ወጪው አይሰማም።

ቤንዚን አትጠቀሙ። ትነቱ ርቆ ሄዶ እሳት ይስባል፤ ቤታችን ደግሞ ሸራና እንጨት ነው። ላምባም ቢሆን ከከሰል ምድጃ፣ ከሲጋራና ከጀበናው እሳት ራቅ ብሎ፣ ውጭ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ነው የሚሠራበት።

አሠራሩ

ጊዜው ማታ ይሁን፤ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ። ዘይቱ ሌሊቱን ወደ ውስጥ ሲገባ ያድራል።

1. ብስክሌቷን ግድግዳ ወይም ግንድ ላይ አስደግፏት። መገልበጥ አያስፈልግም። መሸፈኛ ካላት ካቴናው እስኪታይ ድረስ ፍቱት።

2. በደረቅ ጨርቅ ጀምሩ። በታችኛው መስመር ላይ፣ ወደ ኋለኛው ጥርስ ጠጋ ብላችሁ ካቴናውን በጨርቅ ያዙት። በሌላ እጃችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። ወደ ኋላ ሲዞር የታችኛው መስመር ከኋለኛው ጥርስ እየወጣ ወደ ፊተኛው ይሄዳል። ስለዚህ ጣታችሁን ከፊተኛው ጥርስ አርቁ፤ ጨርቁ ተስቦ ከገባ ጣትም ይከተላል። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲዞር ፍሬን የሚይዝባችሁ ከሆነ ካቴናውን ጥቂት ጥቂት ዘለበት እየጠረጋችሁ፣ እጃችሁን ከካቴናው አንስታችሁ ፔዳሉን ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት አዙሩ።

3. ብሩሹን ላምባ አስነክራችሁ፣ አንጠፍጥፋችሁ፣ ካቴናውን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ፈትጉት። ላምባ አታፍስሱበት። የፈሰሰ ላምባ ወደ ኋለኛው ጎማ መሐል ገብቶ የኩሽኔታውን ግራሶ ያጥባል፤ የጎማውንም ላስቲክ ይጎዳል።

4. በቀጭኑ እንጨት በጥርሶቹ መካከል የተጋገረውን ጥቁር ነገር ፈልቅቁ። ብዙው ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። ካቴናው ብቻ ጸድቶ ጥርሱ ከቆሸሸ በማግስቱ ተመልሶ ይቆሽሻል።

5. በንጹሕ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉና አንድ ሰዓት ያህል ነፋስ ላይ አቆዩት። ላምባው ሳይደርቅ ዘይት ብትጨምሩ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

6. አሁን ዘይቱ። መጋጠሚያዋን ዘለበት ፈልጉ፤ አንድ ጎኗ ላይ ዓሣ የመሰለች ክሊፕ ያለባት ናት። ከእሷ ጀምሩ፤ ተመልሳ ስትመጣ መጨረሳችሁን ታውቃላችሁ። በታችኛው መስመር ላይ ከውስጥ በኩል፣ ለእያንዳንዷ ቀለበት አንድ ጠብታ፣ ቀለበቷ ከቆርቆሮው ጋር በምትገናኝበት ቦታ። አንድ ካቴና ከ100 የሚበልጥ ዘለበት አለው፤ ስለዚህ ከ100 የሚበልጥ ጠብታ ነው። መቁጠር የሚለማመድ ልጅ ካላችሁ ከጎን ሆኖ ይቁጠርላችሁ።

7. ፔዳሉን ሃያ ጊዜ ያህል ወደ ኋላ አዙሩና ተዉት ይደር።

8. ጠዋት ከመንዳታችሁ በፊት ከውጭ ያለውን ዘይት ጥረጉ። ይህችን ነው ሁላችንም የምንዘላት። አባባ «ዘይት መጨመር ግማሽ ሥራ ነው፤ መጥረግ ሌላው ግማሽ ነው» ይላሉ። በጣታችሁ ስትነኩት ወዝ ብቻ እንጂ ጥቁር ቅባት የማይለጠፍባችሁ ከሆነ ጨርሳችኋል።

ላምባ ያላገኘ ሰው ምን ያድርግ? በደረቅ ጨርቅና በብሩሽ በደንብ ይጥረግ፣ ዘይት ያጠጣ፣ ፔዳሉን ያዙር፣ እንደገና ይጥረግ። የገባው ዘይት ከውስጥ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ቢደጋግመው ከምንም በእጅጉ ይሻላል። በውኃና በሳሙና ያጠበ ደግሞ ወዲያው አድርቆ ዘይት ይስጠው፤ አለበለዚያ እስኪነጋ ዝገት ይጀምረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የብላክ ማምባ ፍሬን የጎማውን ብረት ክብ ነው የሚይዘው። ዘይት የነካው እጅ ወይም ጨርቅ ያንን ብረት እንዳይነካ። ነክቶ ከሆነ በሳሙና እጠቡት። ካቴናው ተሻለው ብለን ፍሬን አልባ ብንሆን ምን ተረፈን?

ጠብቆ ይሁን ላልቶ?

ከጸዳ በኋላ የታችኛውን መስመር መሐሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ይዘላል ወይም ይወልቃል። እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ለማስተካከል የኋላ ጎማውን ሁለት ዳዶዎች አላልተው ጎማውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ማድረግ ነው፤ ጎማው በሁለቱ ብረቶች መካከል እኩል መቀመጡን አይታችሁ ሁለቱንም አጥብቁ። ፔዳሉን እያዞራችሁ በሦስት አራት ቦታ ሞክሩት፤ አንድ ቦታ ላልቶ ሌላ ቦታ ሊጠብቅ ይችላል።

የመጋጠሚያዋን ክሊፕም እዩ። በላይኛው መስመር ላይ ስትሆን የተዘጋው አፍንጫዋ ወደ ፊት ጎማ፣ የተከፈተው ጭራዋ ወደ ኋላ ማየት አለበት። ተገልብጣ ከገባች አንድ ነገር ሲነካት ተፈልቅቃ ትወድቃለች፤ ካቴናውም መንገድ ላይ ይለያያል።

ማስመሪያው ምን ይላል?

አባባ ካቴና ማለቁን በእጃቸው ነው የሚያውቁት። እኔ ግን እጄ ስለማያውቅ የሒሳብ ማስመሪያዬን አመጣሁ። ይህን ዘዴ ማንኛውም ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ግማሽ ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር 12.7። ስለዚህ 24 ዘለበት ልክ 12 ኢንች ይሆናል። አንድ ጎኑ ኢንች የሆነ ማስመሪያ ውሰዱ። ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ ዜሮውን በአንዱ ፒን መሐል ላይ አድርጉ። አዲስ ካቴና ከሆነ 12 ቁጥር በ24ኛው ፒን መሐል ላይ ልክ ያርፋል።

ፒኑ ከ12 ቁጥር 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ፣ ካቴናው እየሄደ ነውና ለአዲስ ሳንቲም ማጠራቀም ጀምሩ። 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ አልቋል፤ ቀይሩት።

«ካቴና ተለጠጠ» እንላለን እንጂ ብረቱ አልተለጠጠም። ፒኖቹ ከውስጥ ስለተበሉ ነው። እስቲ እናስላው። 3 ሚሊ ሜትር ለ24 ሲካፈል ለአንዱ ዘለበት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ጥቂት በለጥ ይላል፤ የአንድ የደብተር ወረቀት ውፍረት ያህል ማለት ነው። ይቺን ታህል! ነገር ግን በ100 ዘለበት ስታባዙት አንድ ሙሉ ዘለበት ያህል ይረዝማል።

የረዘመ ካቴና ከጥርሱ ጋር ልኩ አይገጥምም። ስለዚህ ጥርሱን እየበላ ለራሱ እንዲስማማው ያደርገዋል። የጥርሱ ጫፍ እየሾለና ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ይሄዳል። በዚያ ላይ አዲስ ካቴና ስታደርጉ ልኩ አልገጥም ይላል፤ ይዘላል። በዳቦው ልጅ የደረሰው ይኸው ነው። ካቴናውን በጊዜው ቢቀይር ኖሮ ጥርሱ ይተርፍ ነበር። አንዱን ለማዳን ስንዘገይ ሁለቱን እንከፍላለን። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።

የተበጠሰውን ካቴና ለክኜው ነበር። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አልፎ ነበር። እኔ ዘይት ያፈሰስኩበት ዕለትም ማስመሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። አለመጠየቄ ነው።

ስለ ሕፃናት

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ የሚዞር ጎማና ካቴና ሕፃናትን ይስባል። ጣት በካቴናና በጥርስ መካከል ከገባ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ስትሠሩ ትንንሾቹን አርቁ። ብስክሌት ገልብጠው ፔዳሉን በእጅ እያሽከረከሩ ሲጫወቱ ካያችሁ አስቁሟቸው። የካቴናውን መሸፈኛም «ይንኳኳል» ብላችሁ ነቅላችሁ አትጣሉ። አቧራውን ይቀንሳል፤ የልጅ ጣት፣ የሴቶች ቀሚስና ነጠላም እንዳይያዝ ይከላከላል።

ሁለተኛ፣ ላምባ በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የጠማው ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ሆኖ ከተገኘ እንዲያስታውከው አታድርጉ፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ይገባና የባሰ ይጎዳዋል። ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ።

የቆሸሸውን ላምባ ደግሞ ከቦኖው አጠገብ ወይም ላጋው ውስጥ አትድፉት። ክዳን ባለው ቆርቆሮ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አሳድሩት፤ ቆሻሻው ይዘቅጣል። ከላይ የጠራው ለሚቀጥለው ጊዜ ያገለግላል።

መቼ መቼ?

ቀኑን ሙሉ ሰውና ዕቃ ለሚያመላልስ፣ ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጽዳትና ዘይት። ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ብቻ ለሚነዳ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ዝናብ ከመታው ወይም ውኃ ያለበት ላጋ ከተሻገረ ግን በዚያው ምሽት ማድረቅና ዘይት መስጠት ያስፈልጋል፤ ነገ ማለት የለም። ጩኸት መጠበቅ ደግሞ አይገባም። ካቴናው ከጮኸ ዘግይተናል፤ ብረት ብረትን መብላት ጀምሯል።

የዳቦው ልጅ ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል። ከሐዘኔ ይሁን ከኀፍረቴ፣ የስፌት መኪና ዘይቱን የመጀመሪያዋን ጠርሙስ እኔ ገዛሁለት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በእኛ ግቢ አራት አምስት ብስክሌት ይሰለፋል። ላምባው በወዲያ፣ ጀበናው በወዲህ፤ በመካከሉ ጥሩ ርቀት አለ። አንዱ ይፈትጋል፣ አንዱ ጠብታ ይቆጥራል፣ ማስመሪያዬ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ጠቁራለች፤ ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ያሽትቷትና ይስቃሉ።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሁንም በደጃችን ያልፋል። ልጆቼ አይነቁም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ነቅቼ አዳምጣለሁ። ጎማው አሸዋውን ሲነካ ብቻ ይሰማል። ቸር ያሰማን።